ኮቪድ ካለፈ በኋላም ለተጋላጭ ሰዎች ጥናት ፈንድ የሚገኝበት መንገድ፡ ከርዕስ እስከ ውል

"ኮቪድ ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ አሁን ማን ለሱ ጥናት ብር ያወጣል?" ይሄ ጥያቄ ከማስተርስ ተማሪም ከሌክቸረርም እኩል ይመጣል፣ ጥያቄው ደግሞ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ የድንገተኛ አዋጁን ያነሳው ሜይ 5፣ 2023 ነው። እንግሊዝ የውጭ ዕርዳታዋን በ2021 ከ0.7 ወደ 0.5 ፐርሰንት ስታወርድ የምርምር ተቋሟ ዩኬአርአይ የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ገጠመው፣ ተጀምረው የነበሩ ብዙ ፕሮጀክቶች መሃል ላይ ተቀነሱ። አሜሪካ ደግሞ በማርች 2025 "ወረርሽኙ አልቋል" ብላ የኮቪድ ግራንቶችን ማቋረጥ ጀመረች፣ ዩኤስኤይድም ጁላይ 1፣ 2025 ላይ በቃ ተዘጋ። ስለዚህ በ2020 የነበረውን ዓይነት አስቸኳይ ኮል (የፕሮፖዛል ጥሪ) የምትጠብቁ ከሆነ ተዉት።

ግን ገንዘቡ ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። የጠፋው "ኮቪድ በእንትን ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ" ለሚል ርዕስ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። አንድን የተወሰነ የሰው ክፍል ይዞ፣ ወረርሽኙ የዛን ሰው ኑሮ በየት በኩል እንደመታው አሳይቶ፣ ቀጣዩ ድንጋጤ ሲመጣ (ወረርሽኝ ይሁን ድርቅ ይሁን የስደት ማዕበል) ምን ይደረግ ለሚል ጥያቄ አሁንም የሚከፍል አለ። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላላችሁ ነው፣ ውጭ ላላችሁ ደግሞ መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ። እስከመጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዤ ልሄድ፦ በ2012 (በፈረንጅ 2020) ከሳውዲና ከቤሩት የተመለሱ ሴቶች።

1. "ተጋላጭ" የሚለውን ቃል ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ ብቻውን አትተዉት

ሪቪወር (ፕሮፖዛሉን የሚገመግመው ሰው) "ተጋላጭ የህብረተሰብ ክፍሎች" የሚል ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለምን የተጋለጡ? በየት በኩል? ነው። አረጋዊ ለበሽታው ለራሱ ተጋላጭ ነው፣ የቀን ሰራተኛ ለገቢ መቋረጥ፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ለትምህርት ቤት መዘጋት (ከዛም ያለዕድሜ ለመዳር)፣ የኤችአይቪ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ለጤና አገልግሎት መቆራረጥ። ሁሉም "ተጋላጭ" ናቸው ግን ጥናታቸው አንድ አይደለም፣ ፈንደራቸውም (ገንዘብ ሰጪያቸውም) አንድ አይደለም። አንዱን መንገድ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት።

የኛን ምሳሌ እንይ። የመጀመሪያው ኬዝ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4፣ 2012 ነው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30። ልክ በዛ ሰሞን ሳውዲ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን ትልክ ነበር፣ በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግስታት አስተባባሪ የነበሩት ካትሪን ሶዚ በይፋ ለጊዜው ይቁም እስኪሉ ድረስ። ከሰሜን የመን በሁቲዎች ተባረው ሳውዲ ድንበር ላይ የታሰሩትም ነበሩ። በጁን 2020 ደግሞ ቤሩት ውስጥ አሰሪዎች የቤት ሰራተኞቻቸውን ሻንጣቸውን ይዘው ቆንስላው በር ላይ እያወረዷቸው ሄዱ፣ ፎቶውን ሁላችንም አይተነዋል። እነዚህ ሴቶች ሲመለሱ በየዩኒቨርሲቲ ግቢውና በየትምህርት ቤቱ ኳራንቲን ገቡ፣ ከዛ ቤት። ያላለቀ ዕዳ፣ የቀረ ደሞዝ፣ ሰፈር ውስጥ "በሽታውን ያመጣችው" የሚል ወሬ።

እዚህ ውስጥ ቢያንስ ሶስት የተለያዩ ጥናቶች አሉ፦ የዕዳና የገቢ ጉዳይ፣ የአዕምሮ ጤና ጉዳይ፣ ተመልሶ የመሰደድ ጉዳይ። እኔ ብሆን ሶስተኛውን ከአንደኛው ጋር አጣምሬ እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም ዕዳ ያለባት ሴት መልሳ ትሄዳለች ወይ የሚለው ጥያቄ ለወረርሽኝም ለስደት ፖሊሲም ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ዓይነት ፈንደር ማንኳኳት ትችላላችሁ።

2. ያለውን ዳታ ሳታሟጥጡ አዲስ ዳታ እሰበስባለሁ አትበሉ

ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ነው። "በኢትዮጵያ በዚህ ዙሪያ የተሰራ ጥናት የለም" ብሎ መጻፍ በጣም ይቀናል፣ ሪቪወሩ ግን ራሱ ሰርቶት ሊሆን ይችላል።

ቢያንስ እነዚህን እዩ። የዓለም ባንክ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ቤተሰቦችን በየጊዜው በስልክ ጠይቋል፣ በመጀመሪያው ዙር ከ3,000 በላይ ነበሩ፣ ዳታው ማይክሮዳታ ላይብረሪያቸው ላይ በነጻ ይወርዳል፣ መመዝገብ ብቻ ነው። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ የሚከታተላቸውን ልጆች (አሁን ትልልቅ ሰዎች ናቸው) በኮቪድ ጊዜ በስልክ ደውሎ ጠይቋል፣ ኢትዮጵያ ከህንድ፣ ከፔሩና ከቬትናም ጋር ካሉት አራት አገሮች አንዷ ናት። ጌጅ የሚባለው የአፍላ ወጣቶች ጥናትም እንደዛው። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሴት ሰራተኞች ላይም በስልክ የተሰራ አለ።

አሁን ቁልፉ ነገር፦ ሁሉም በስልክ ነው። የዓለም ባንክ ሰርቬይ የተነሳው በ2018/19 ከተሰራው የሶሲዮኢኮኖሚክ ሰርቬይ ነው፣ እዛ ላይ ከተማ ውስጥ ከ90 ፐርሰንት በላይ ቤተሰብ ስልክ ሲኖረው ገጠር ግን ከግማሽ በታች ነበር። በዛ ላይ ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው። ሰው ቤት የምታድር ሰራተኛ፣ ገና ከውጭ ተመልሳ እህቷ ጋ የተጠጋች ሴት፣ ጎዳና ላይ ያለ ልጅ እዛ ዳታ ውስጥ የሉም፣ ካሉም "የቤተሰብ አባል" ተብለው በሌላ ሰው አፍ ነው ያሉት። ከኖቬምበር 2020 በኋላ ደግሞ ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ከስልክ ጥናቱ ወጥታለች።

እንግዲህ ክፍተታችሁ ይሄ ነው። "ጥናት የለም" ከማለት ይልቅ "ጥናት አለ፣ ግን እነዚህ ሴቶች በአሰራሩ ምክንያት ሊገቡበት አልቻሉም፣ እኛ በዚህ መንገድ እናገኛቸዋለን" በሉ። ሪቪወሩ ከዚህ በላይ የሚፈልገው ብዙ የለም። ከዛ ያለውን ዳታ አውርዳችሁ ሁለት ቴብል ስሩ፣ ተመላሽ ያለበት ቤተሰብን ከሌለበት ጋር የሚያነጻጽር ቫሪያብል ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የቀነሰባቸውን። ይሄ ምንም ብር ሳያስወጣችሁ "ፕሪሊሚናሪ ዳታ" (የመነሻ ዳታ) የሚባለውን ነገር ይሰጣችኋል።

3. ገንዘቡ የት ነው ያለው

መጀመሪያ ቤታችሁን እዩ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የውስጥ ሪሰርች ኮል ያወጣሉ፣ ብሩ ትንሽ ነው፣ አወጣጡም ያስለቅሳል፣ ግን ፓይለት (የሙከራ ጥናት) ለመስራት ይበቃል። የውጭ ፈንደር ደግሞ ከዚህ በፊት ትንሽም ብትሆን ገንዘብ ተቀብሎ የጨረሰ ሰው ይወዳል። የሶሻል ሳይንስ ምርምር ድርጅቶቹ፣ አዲስ አበባ ያለው ኦስሪያና ዳካር ያለው ኮዴስሪያም፣ ለሶሻል ሳይንስ ሰው የሚሆን ነገር ስለሚያወጡ ድረገጻቸውን ተከታተሉ።

ከዛ ትልልቆቹ። የእንግሊዙ የጤና ምርምር ፈንደር ዌልካም ጤና ነክ የሆነ ሶሻል ሳይንስን በደንብ ይደግፋል። ፒኤችዲ ጨርሰው ከሶስት ዓመት ያልበለጠ የፖስትዶክ ልምድ ላላቸው የሚሰጠው ኧርሊ ካሪየር አዋርድ ደሞዛችሁን ሸፍኖ ከዛ በተጨማሪ ለምርምሩ እስከ 400,000 ፓውንድ ነው፣ እንደኛ ዓይነት አገር ውስጥ ካለ ተቋም በቀጥታ ማመልከት ይቻላል፣ የእንግሊዝ ፕሮፌሰር ስር መግባት ግዴታ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የካናዳው የልማት ምርምር ፈንደር አይዲአርሲ ታዳጊ አገር ላይ ያለ ተቋም መሪ እንዲሆን ይፈልጋል፣ በተለይ ጥናቱ ፖሊሲ ላይ የሚደርስ ከሆነ። ኤልራ የሚባለው ድርጅት አርቱኤችሲ የተባለ ፕሮግራም አለው፣ ለሰብዓዊ ቀውስ ነው፣ በ2020 የኮቪድ ኮል አውጥቶ ነበር፣ የሚፈልገው ተመራማሪ ተቋምና መሬት ላይ የሚሰራ ረድኤት ድርጅት አብረው እንዲያመለክቱ ነው። ኮሉ ክፍት መሆን አለመሆኑን ድረገጹ ላይ እዩ፣ ተመላሾች ላይ የሚሰራ ድርጅት ግን ከወዲሁ አብሯችሁ ቢኖር ለሁሉም ይጠቅማችኋል። የአውሮፓው ኢዲሲቲፒ ላይ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ እሱ ዋናው ስራው ክሊኒካል ነው።

የአሜሪካ መንግስት የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤችስ? በአሁኑ ሁኔታ ብቸኛ ተስፋችሁ አታድርጉት። በሜይ 2025 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ወደ ውጭ ተቋም የሚሄደውን ሰብአዋርድ በነበረበት መልኩ እንዳቆመና አሰራሩን እንደሚቀይር አስታውቋል። አሜሪካ ያለ ጓደኛ "ሰብ አድርጌ አስገባሃለሁ" ካላችሁ አመስግኑት፣ ከዛ ግን የዩኒቨርሲቲው ግራንት ቢሮ አሁን ያለውን ህግ በጽሁፍ እንዲያሳየው ጠይቁት።

ውጭ ላላችሁት ያልኩት ነገር፦ አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ኮሚዩኒቲ ላይ ኮቪድ ምን አደረገ ብላችሁ ለማጥናት ከፈለጋችሁ ትልቁ እንቅፋት የነበረው ዳታው ሁላችንንም "ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን" ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቁ ነው። ዲሲ ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሰራው፣ ነርሲንግ ሆም የምትሰራው ሐበሻ ለብቻው አይታይም ነበር። በማርች 2024 የወጣው የፌደራል የዘር መረጃ አሰባሰብ ደንብ ግን ፎርሙ ላይ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ራሱን የቻለ ሳጥን አስገብቷል። ይሄ ለፕሮፖዛል ጥሩ መነሻ ነው፣ "ከዚህ በኋላ የሚሰበሰበውን ለማነጻጸር የበፊቱን እንዲህ መልሰን እናጣራ" ማለት ይቻላል። የከተማና የካውንቲ ጤና ቢሮዎችንም ጠይቁ፣ ትንንሽ ብር ከዛ ይገኛል።

4. ሰዎቹን ፕሮፖዛሉ ከመጻፉ በፊት አግኙ

ኮሚዩኒቲ ኢንጌጅመንት የሚለውን ክፍል ዴድላይኑ ማታ ላይ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ ያስታውቃልም። ሪቪወሩ "የማህበረሰብ መሪዎች ይሳተፋሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ አንብቧል። ማን? ምን ሊወስኑ? ስንት ሊከፈላቸው?

ተመላሾችን በተመለከተ አንድ የምመክረው፣ በእድር በኩል ልግባ አትበሉ። እድር ለብዙ ጥናት ጥሩ በር ነው ግን ምዝገባው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ስለሆነ ተመላሿ እዛ መዝገብ ላይ የለችም፣ የእድሩ ዳኛም ስለሷ የሚነግራችሁ ሰፈሩ የሚያወራውን ነው። ይልቅ ራሳቸው የተደራጁትን፣ የቁጠባ ቡድን ያላቸውን፣ ስልጠና አብረው የወሰዱትን ፈልጉ። አምስት ስድስት ሴቶች ይበቃሉ። ቡና ይፈላ፣ ጥያቄያችሁን ንገሯቸው፣ ከዛ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። "ይሄ ጥያቄ ያስቀይማል"፣ "እሱን ከጠየቃችሁኝ ደላላው ይሰማል"፣ "ቅዳሜ ብትመጡ ማንም የለም፣ ገበያ ነው" የሚሉት ነገር ሁሉ ሜተዶሎጂ ነው። ከነሱ ሁለት ወይ ሶስቱን በአማካሪነት ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስገቡ፣ በጀት ላይም የስብሰባና የትራንስፖርት ክፍያቸውን ጻፉ። ፈቃዳቸውን ሳትጠይቁ ስማቸውን አታስገቡ።

እዚህ ላይ ቃል አትግቡ። "ጥናቱ ካለፈ እንረዳችኋለን" የምትል አንዲት ቃል ሰፈሩን ሁሉ ትዞራለች፣ በኋላ ዳታ ልትሰበስቡ ስትሄዱ እርዳታ ፈላጊ ሁሉ ተመላሽ ነኝ ይላችኋል።

5. አንድ ገጿን ጻፉ

ሙሉ ፕሮፖዛል ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ገጽ ብቻ። ኤንአይኤች ስፔሲፊክ ኤምስ ይላታል፣ ሌላው ኮንሰፕት ኖት ይላታል፣ ያው ነው። መጀመሪያ ችግሩ በሶስት አራት ዓረፍተ ነገር፣ "ኮቪድ በዓለም ዙሪያ..." ብላችሁ አትጀምሩ፣ ስለ ኮቪድ ሪቪወሩም ያውቃል። በቀጥታ ሰዎቹ ጋ ግቡ፦ "በ2020 ከሳውዲና ከሊባኖስ በድንገት የተመለሱ ሴቶች የስደት ዕዳቸውን ሳይከፍሉ ነው የመጡት። በወቅቱ የተደረጉት የስልክ ጥናቶች እነሱን አላካተቱም። ስለዚህ ድንገተኛ መመለስ በዕዳቸውና እንደገና በመሰደዳቸው ላይ ምን እንዳደረገ አይታወቅም፣ መልሶ ማቋቋሚያ ፕሮግራም የሚነድፉትም በግምት ነው የሚሰሩት።" በቃ። ከዛ ሁለት ወይ ሶስት ዓላማ፣ እያንዳንዱ ስር ዘዴው በአንድ መስመር፣ መጨረሻ ላይ ማን ይጠቀምበታል የሚለው። ማን ስትሉ "ፖሊሲ አውጪዎች" አትበሉ፣ ስራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የከተማው ቢሮ፣ እገሌ ኤጀንሲ ብላችሁ ጥሩት።

ዓላማዎቹ አንዱ ላይ አንዱ አይንጠልጠሉ። አንደኛው ካልተሳካ ሁለተኛውም የሚወድቅ ከሆነ ሪቪወር ወዲያው ይነክሳችኋል።

ይቺን ገጽ ለሶስት ሰው ስጡ፦ አንድ በሙያው ያለ፣ አንድ ግራንት አግኝቶ የሚያውቅ፣ አንድ ምንም የማያውቅ። ሶስተኛው ካልገባው እንደገና ጻፉ። ብዙ ፈንደሮች ደግሞ ፕሮግራም ኦፊሰር አላቸው፣ ይቺኑ ገጽ በኢሜይል ልካችሁ "ይሄ ከኮላችሁ ጋር ይሄዳል ወይ?" ማለት ይቻላል። ሐበሻ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እነሱ ግን ስራቸው ነው፣ አይሄድም ካሏችሁም የሁለት ወር ልፋት አተረፉላችሁ።

6. ሳምፕሉ፣ ያቺ 422

የጤና ቴሲስ ያነበበ ሁሉ 422 የምትለዋን ቁጥር ያውቃታል። ፕሮፖርሽን 50 ፐርሰንት፣ ማርጂን 5 ፐርሰንት፣ 384 ይመጣል፣ 10 ፐርሰንት ነን ሪስፖንስ (መልስ ለማይሰጡ ሰዎች) ይጨመራል፣ አለቀ። ችግሩ ይቺ ፎርሙላ የምትሰራው ሙሉ ዝርዝር ኖሯችሁ በዕጣ ስታወጡ ነው። የተመላሾች ሙሉ ዝርዝር ደግሞ የለም፣ ወረዳ ላይ ያለውም የተመዘገቡትን ብቻ ነው፣ በድብቅ ድንበር አቋርጣ የሄደች ሴት ስትመለስ ለምን ትመዘገባለች?

ስለዚህ ሪስፖንደንት ድሪቨን ሳምፕሊንግ የሚባለውን ተጠቀሙ። ከተለያየ ሰፈርና ከተለያየ አገር የተመለሱ ጥቂት ሴቶችን መነሻ ታደርጋላችሁ፣ ለእያንዳንዷ ለምሳሌ ሶስት ኩፖን ትሰጣላችሁ፣ እሷ የምታውቃቸውን ታመጣለች፣ የመጡትም እንደዛው። ከተራ ስኖውቦል (አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ከሚሰበሰብ ሳምፕል) የሚለየው ማን ማንን እንዳመጣና እያንዳንዷ ስንት ተመላሽ እንደምታውቅ ስለሚመዘገብ በኋላ በዌይት ማስተካከል መቻሉ ነው። ዋጋ ግን አለው፣ ዲዛይን ኢፌክት (በቀጥታ ዕጣ ስላልወጣ ሳምፕሉ የሚባዛበት ቁጥር) ይጨመራል፣ ቢያንስ 2 አድርጉት፣ 384 ወደ 768 ይሄዳል፣ ከነ10 ፐርሰንቱ 845 አካባቢ። 422 ብላችሁ ብትልኩ አገር ውስጥ ያልፍ ይሆናል፣ ዌልካም ጋ አያልፍም። ከዚህ ጋር 20 ወይ 30 ጥልቅ ቃለመጠይቅ ጨምሩበት፣ ዕዳ የሚባል ነገር በቁጥር ብቻ አይገባም፣ ከማን ተበደረች የሚለው ስንት ተበደረች ከሚለው ይብሳል።

7. በጀት

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ሳይንሱ ጥሩ ሆኖ በጀቱ ያልተማከረ ፕሮፖዛል ፈንደሩን ያስፈራዋል። ከስራው ተነሱ እንጂ ፈንደሩ ካስቀመጠው የገንዘብ ጣሪያ አትነሱ። 845 ኢንተርቪው አለ። አንድ ዳታ ኮሌክተር በቀን 4 ቢሰራ (ከዛ በላይ ይሰራል ካላችሁ ወይ መጠይቁ አጭር ነው ወይ እየሞላው ነው)፣ 10 ሰው ብትይዙ በቀን 40፣ ስለዚህ 22 የስራ ቀን ገደማ። ስልጠና 4 ቀን፣ ፓይለት 2 ቀን፣ የጉዞ ቀን ጨምሩ። ሁለት ሱፐርቫይዘር። አበሉ በዩኒቨርሲቲያችሁ ተመን መሆን አለበት፣ ፋይናንስ ቢሮ ሄዳችሁ የወቅቱን ደብዳቤ ኮፒ አድርጉ፣ ከተመኑ በላይ ብትጽፉ ገንዘቡ መጥቶም አይወጣም።

ሰው የሚረሳቸው ነገሮች፦ ለተሳታፊዋ የሚሰጥ የጊዜና የትራንስፖርት ካሳ፣ በኩፖን ዘዴ ደግሞ ላመጣቻት ሰው የሚከፈላት ሁለተኛ ክፍያ፣ ልጅ ይዛ ለምትመጣ ሴት ልጅ የሚይዝላት ሰው፣ የአረብኛና የአፋን ኦሮሞ ትርጉም፣ የሞባይል ካርድ፣ ታብሌት (ኮቦ ቱልቦክስ በነጻ ስለሆነ ሶፍትዌር ላይ ብር አታውጡ)፣ ተሳታፊ ስትረበሽ የምትላክበት የስነልቦና አገልግሎት ክፍያ፣ ለዳታ ኮሌክተሮቹም ጭምር፣ እነዚህን ታሪኮች 22 ቀን መስማት ቀላል አይደለም። ውጤቱን መልሶ ለሴቶቹ በአማርኛ ለማቅረብም አንድ መስመር ያዙ።

ኦቨርሄድ (ተቋሙ ለአስተዳደር ወጪ ከግራንቱ የሚወስደው ድርሻ) ሌላው ጭቅጭቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ቁጥር ይላል፣ ፈንደሩ ሌላ። ኤንአይኤች ለምሳሌ ለውጭ ተቋም የሚሰጠው 8 ፐርሰንት ነው፣ ዲናችሁ ስንት ቢል የዛን ወረቀት ማሳየት ነው። ከመላካችሁ በፊት በደብዳቤ አስማምቷቸው፣ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚነሳ ጭቅጭቅ ስድስት ወር ይበላል።

ምንዛሬውም አለ። ሐምሌ 22፣ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በጀታቸውን በብር ያሰሩ ፕሮጀክቶች ነዳጅና ወረቀት ሲጨምር ባዶ ቀሩ፣ በዶላር የያዙት ተረፋቸው፣ ግን ትርፉን ያለፈንደሩ ፈቃድ መንካት አይቻልም። ውሉ በውጭ ምንዛሬ ይሁን፣ የሂሳብ ስሌቱ ላይ የተጠቀማችሁትን ተመንና ቀን ጻፉ፣ ከዛ ደግሞ ዋጋ ቢቀየር በጀት ከመስመር ወደ መስመር ማዛወር እስከ ስንት ፐርሰንት ሳይጠየቅ እንደሚፈቀድ ኮሉ ላይ ፈልጉ።

8. ኢቲክስና የደብዳቤ ጉዞ

የኮሌጃችሁ አይአርቢ (የምርምር ስነምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ) መቼ መቼ እንደሚሰበሰብ ዛሬውኑ ጠይቁ። የውጭ አጋር ያለበት ወይም ብዙ ክልል የሚነካ ጥናት ወደ ብሔራዊው የምርምር ስነምግባር ኮሚቴ ሊመራ ይችላል፣ እሱን ታይምላይኑ ላይ በወራት አስቡት። ደም ወይም ሌላ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ከቻላችሁ አትላኩ።

ለተመላሾች ጥናት ኮሚቴው አፍጥጦ የሚጠይቃችሁ፦ በሰው እጅ የተጎዳች ሴት ብትገኝ ወዴት ትልኳታላችሁ? መልሱ የተቋም ስምና የስምምነት ደብዳቤ መሆን አለበት። ፈርሚ ስትባል የምትፈራ ሴት ካለች የቃል ስምምነት ለምን እንደሚሻል አስረዱ። ዕድሜዋ ከ18 በታች ሆኖ ፓስፖርቷ 24 የሚል ሴት ታጋጥማችኋለች፣ በየትኛው ነው የምትመዘግቧት? ቀድማችሁ ወስኑ። የካሳው ብርም ችግረኛን አስገድዶ የሚያስገባ ያህል አይብዛ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚቆጣጠረው የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። የጤና መረጃ ከስም ጋር ይዛችሁ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ መጫን እንደበፊቱ ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። ስምና ስልክ በአንድ ፋይል፣ መልሱ በሌላ፣ ቁልፉ ፒአይ (ዋናው ተመራማሪ) ጋ ብቻ። የዳታ አያያዝ ክፍሉ ላይ አዋጁን በቁጥር ጥቀሱት።

ከዛ የሳፖርት ሌተር ሰንሰለት አለ፦ ከኮሌጅ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወረዳ፣ እያንዳንዱ ጋ መዝገብ ቤት፣ ማህተም፣ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው"። የስደተኛ ካምፕ ከሆነ ደግሞ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያለሱ በሩን አታልፉም። ለዚህ ሁሉ ፕሮፖዛሉ ላይ ሶስት ወር ጻፉ፣ አታፍሩ፣ "ዝግጅት" ብላችሁ።

9. መላክ

ፈንደሩ የአሜሪካ መንግስት ከሆነ ዩኒቨርሲቲያችሁ የመንግስቱ መመዝገቢያ ድረገጽ ሳም ዶት ገቭ (SAM.gov) ላይ መመዝገቡንና ምዝገባው አለመቃጠሉን አረጋግጡ፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ከኤፕሪል 2022 ወዲህ የድሮው የዳንስ (DUNS) የተቋም መለያ ቁጥር ቀርቶ ዩኢአይ (UEI) የሚባል ነው የሚጠየቀው። ይሄ ሳምንታት ይወስዳል። ሌሎቹ ጋም ማመልከቻውን የሚያጸድቀው እናንተ ሳትሆኑ ተቋሙ ነው፣ ማለትም ሲስተሙ ላይ የሚጫን ስልጣን ያለው አንድ ሰው አለ፣ ያ ሰው ዓመት እረፍት ላይ መሆኑን ዴድላይኑ ቀን አትስሙ። ሰዓቱ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ እዩ። መብራትና ኔትወርክ ታውቃላችሁ፣ ከሶስት ቀን በፊት ላኩ።

10. መልስ ሲመጣ

አይሆንም ከተባለ ኮሜንቱን ጠይቁ፣ አንዳንዱ ካልተጠየቀ አይልክም። "ጠቃሚ ነው ግን አይቻልም" የሚሉ ከሆነ ሜተዱ ላይ ነው ስራችሁ፣ "ይቻላል ግን ምን ያደርጋል" የሚሉ ከሆነ አንድ ገጿ ላይ ተመለሱ። ተመሳሳዩን ሳይቀይሩ ሌላ ፈንደር ጋ መላክ የተለመደ ነው፣ አትሞክሩት፣ ሪቪወር የሚሆኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ያው ሰው እጅ ይገባል።

ይሁን ከተባለ ደግሞ ከደስታው በፊት ውሉን አንብቡ። ክፍያው በየስንት ወሩ ነው፣ ቅድሚያ ነው ወይስ ካወጣችሁ በኋላ የሚተካ? የሚተካ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ ከየት ያወጣል? ዳታው የማን ነው፣ ፐብሊሽ ሲደረግ የመጀመሪያ ስም ማን ነው፣ የውጭ አጋሩ ዳታውን ይዞ ለብቻው መጻፍ ይችላል? እነዚህን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሁፍ አስቀምጡ። ገንዘቡ የሚገባበት አካውንት የተለየ ፕሮጀክት አካውንት ይሁን፣ የግዥ ጥያቄያችሁን (ታብሌት ምናምን) ውሉ በተፈረመ ሳምንት ለግዥ ክፍል አስገቡ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሪፖርት በስድስተኛው ወር ሲጠየቅ ታብሌቶቹ ገና ጨረታ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈንደሩ መሃል ላይ ቢያቋርጥስ? በ2021ም በ2025ም ሲሆን አይተናል። ውሉ ላይ የማቋረጫ አንቀጹን ፈልጉ፣ ሲቋረጥ እስከዛ ቀን የገባችሁበትን ወጪ (የዳታ ኮሌክተር ደሞዝ፣ ለተሳታፊዎች ቃል የተገባ ክፍያ) እንደሚሸፍን የሚል ከሌለው እንዲጨመር ጠይቁ። ኩፖን ይዛ የመጣችን ሴት ፕሮጀክቱ ቆሟል ብሎ ባዶ እጇን መመለስ አይቻልም፣ ስለዚህ የተሳታፊዎቹን ክፍያ የሚሸፍነው ብር መጀመሪያ በሚለቀቀው ክፍያ ውስጥ ተጠቃሎ እንዲገባ አድርጉ።